ምስር በፋሲካ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 5፣ 2013 ዓ.ም.

ምስሩ ዛሬም ከሥር አረረ። ቢሆንም በላነው። የጎረቤቴ የሰይድ ረመዳን ዛሬ አንድ አለ። የእኛ ሁዳዴ ስድስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ለእኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላት ይፈቀድልኛል። ግን ጎረቤቴ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሲውል እኔ ቀድሜ ልጉረስ? ከእስላም አንሼ! ጠበቅሁ። አንጀቴ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ይህን ለማንም እንዳትናገር፣ ደብተሬ።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ በአፓርታማችን በረንዳ ላይ የእኔ ወንበር በሬ ሥር፣ የእሱ በሩ ሥር፣ መሀል በርጩማ። በሽታው ከመጣ ወዲህ እንዲህ ነን። ሁለታችንም ተከትበናል፤ ወንበሩ ግን አልተጠጋም። ቴምር አቀበለኝ። የፍስክ ቀን ቢሆን እሱ የእኔን እርድ አይቀምስ፣ እኔም የእሱን። ምስር ግን ቢላ አያውቅም። ድስቱም የእሱ ነው። ባለቤቴ ጥሩነሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ለሰይድ ብላ ለይታ ያስቀመጠችው፣ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር ያለበት። የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። እኔ የትኛው ድስት የማን እንደሆነ ያወቅሁት እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 7

ክርክር። እኔው ነኝ የጀመርኩት።

ሃይማኖትህን በጣትህ ቁጠርልኝ አልኩት። ቆጠረ። አላህ አንድ ነው፣ መሐመድ መልእክተኛው ነው ብሎ መመስከር። ሶላት። ዘካ። ጾም። ሐጅ። እኔም ቆጠርኩ። ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። አምስት በአምስት። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት፣ ጢም አብቅዬ ነው፤ ግን አንዷንም አልሳትኩ።

ሰይድ ሳቀ። «ወልዴ፣ ያንተ አምስት የሚታመን ነው፣ የእኔ አምስት የሚሠራ። ለዚህ ነው ቦርጭ ያወጣኸው!»

ወሎዬ! አፉ መች ያርፋል።

ማርያም ላይ ስንደርስ ተስማማን። ድንግል ናት ይላል። ልጇ ላይ ተለያየን። ለእሱ ነቢይ ነው፤ ለእኔ ሰው የሆነ አምላክ። አልተሰቀለም፣ አላህ ወደ ራሱ አነሣው ይላል። ታዲያ የእኔ የዓርብ ስግደት ለምንድን ነው? ተናድጄ ገባሁ። ነገ ይለቀኛል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 11

ተጣላን። የምሬን ነው።

የአክሱሙን ንጉሥ አነሣ። ታሪኩን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የመጀመሪያዎቹ እስላሞች መካ ላይ መከራ ሲበዛባቸው ነቢያቸው ወደ ሀበሻ ሰደዳቸው፤ እዚያ ሰው የማያስበድል ንጉሥ አለ ብሎ። አሳዳጆቹ እጅ መንሻ ይዘው ተከትለው መጡ። መልስልን አሉ። ንጉሡ ስደተኞቹን አስጠርቶ ሃይማኖታቸውን ጠየቀ። ከቁርዓናቸው ስለ ማርያም የሚለውን ሲያሰሙት አለቀሰ። አልሰጥም አለ።

እስከዚህ አንድ ነን። ሰይድ ግን ንጉሡ ሰልሟል ይላል። ሲሞት ነቢዩ እዚያው አገሩ ሆኖ የቀብር ሶላት ሰግዶበታል ባይ ነው። እኔ ደሞ፣ አክሱም ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድማ የተጠመቀች፣ ንጉሧ በአንድ ቀን ንባብ ማተቡን ይበጥሳል? ቅጥፈት ነው አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ሰይድ ታሪኩን የሰማው ካሳደጉት አያቱ ነው። አያቴን ነው ቀጣፊ ያልከው? አለኝ። አላልኩም ማለት ይቻል ነበር። ምስሩን ሳይጨርስ ተነሣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 14

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላሁ። ምን አስጠበቀኝ?

እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። ቲቪ ከፍቼ እዘጋለሁ። ሰናይት፣ ልጄ፣ ከምትሠራበት ካዚኖ በብሬክ ሰዓቷ ደወለች። ነገርኳት። «አባዬ፣ ንጉሡ እንደሆነ ሞቷል። ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስህ ማን ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ እሁድ እሁድ የሚያደርሰኝ ሰይድ ነው። መኪናው ውስጥ ሆኖ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቀኛል። የድሮ ታክሲ ነጂ ነው፤ መጠበቅ ያውቃል።

ለንጉሡ ነገር ደሞ መልስ አግኝቻለሁ! ድስት ሳጥብ መጣልኝ። በስደት ሱዳን ስገባ፣ ገዳሪፍ ላይ፣ ማተቤን እያዩ ያበሉኝ እስላሞች ናቸው። ክርስቲያን ባይሆኑም አበሉኝ፤ ውለታቸው ያልተረሳኝም ለዚህ ነው። ንጉሡም ቢሰልም ኖሮ የራሱን ወገን አስጠጋ ይባል ነበር፤ ይሄ ምን ይገርማል? ክርስቲያን ሆኖ ማስጠጋቱ ነው ቁም ነገሩ። ሰይድ ይህን ምን ብሎ ይመልሰዋል? ግን ለማን ልንገረው። ለሰናይት? ሺፍት አለብኝ ትላለች።

እሁድ፣ ሚያዝያ 17፣ ሆሳዕና

በሰዓቱ የሰይድ መኪና ሲነሣ ሰማሁ። በመጋረጃ አየሁ። ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። እሱ ወደ ላይ አያይም። እኔ ነጠላዬን ለብሻለሁ። አልወረድኩም። ቆየ። ቆየ። አጠፋው። ቅዳሴውን በስልክ አየሁ፤ ምኑም አልገባኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 22፣ ስቅለት

ስግደት፣ ቤቴ ውስጥ። ጉልበቴ አለቀ። የሰፈራችን፣ የስፕሪንግ ቫሊ፣ አፓርታማ ግድግዳው ስስ ነው። ኪርያላይሶን እያልኩ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ስጥል ከወዲያ የሰይድ አላሁ አክበር ተሰማኝ። እሱም ወለሉ ላይ ነው። ከእኔ ቶሎ ይነሣል፣ ቀጭኑ!

እሁድ፣ ሚያዝያ 24፣ ፋሲካ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሰናይት ጠዋት ዶሮ ይዛ መጣች። ጠግቤ በላሁ። ጣፈጠኝ። ከዚያ ቤቱ ጠበበኝ።

ሰይድ ገና እየጾመ ነው። ጾሙን ቢፈታም የእኔን ዶሮ አይበላ። ስለዚህ ወሰንኩ። ምስር ጥጃለሁ። ሰናይት ደውላ ስትሰማ፣ በፋሲካ ምስር? አባዬ አሞሃል? አለች። አላመመኝም። ጾም ተፈትቷል፤ ምስር ደሞ በፍስክም ምስር ነው።

አንድ ጊዜ ደነገጥኩ። በዶሮው ጭልፋ የሰይድን ድስት ላማስል! ስንዝር ሲቀረኝ ነው እጄን የሰበሰብኩት። ሌላ ማንኪያ አጥቤ ያዝኩ።

ስለ አያቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ንጉሡ አልጠይቅም። የገዳሪፉን መልስ ከጎረሰ በኋላ እነግረዋለሁ፤ በባዶ ሆድ ሰው አይረታም።

ማታ 1 ሰዓት

ፀሐይ ተራራው ጫፍ ደርሳለች። ምስሩ አላረረም። የሰይድ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ወጥቷል። ልሂድ፣ ቴምሩን ብቻውን ሳይጨርሰው።