የፈሰሰና የታፈሰ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ዳባት

ዛሬ ገበያው በአንድ ቃል ተበተነ። ገብስ ልገዛ እማማ ጥሩወርቅ ፊት ቆሜያለሁ። ከጃናሞራ በበቅሎ ያመጡት ስልቻ ድንገት ተቀደደና ገብሱ መሬት ላይ ፈሰሰ። «ኧረ በማርያም፣ በግ ሳይደርስበት ቶሎ ይታፈስ!» ብለው ጮኹ። ከኋላችን የቆመ ጎረምሳ የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። «አፈሳ!» አለ። ለብሔራዊ ውትድርና ሊወስዱን መጡ ብሎ ወጣት የተባለ ሁሉ ወደ ወንዙ ሮጠ። አንዱማ የላስቲክ ጫማውን እንኳ ጥሎ ነው የሄደው።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም እየሳቅሁ ገብሱን አብሬያቸው ማፈስ ጀመርኩ። «ጠጠሩን ልልቀምልዎት?» አልኳቸው።

«ሲያፍሱ ማን ይመርጣል፣ የኔ እናት? አምና ልጄን ሲያፍሱትም አልመረጡ» አሉኝ። ያላቸው እሱ ብቻ ነበር።

አማርኛ አስተምራለሁ፤ ግን ይህን ቃል ከእህል ወደ ሰው ማን እንዳሻገረው አላውቅም። ቤት ከገባሁም ሳገላብጠው ቆየሁ። «አፈሰ» እና «አፈሰሰ» የሚለያዩት በአንዲት «ሰ» ነው። የፈሰሰ ገብስ ይታፈሳል። የታፈሰ ልጅስ የት ሄዶ ይፈስ ይሆን?