ፈረስ ላይ የወጣው ቀበሮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከሰዓት

ዛሬም ቀለም ስፍቅ ዋልኩ። ጥፍሬ አለቀ። ደብተሬ፣ ስለ ሐጂ ጀማል ማሽኖች አልነገርኩህም መሰለኝ። ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ጌም ቤት ሊከፍቱ ነው። አዲስ አበባ ከተዘጋ መዝናኛ ቤት ሦስት የድሮ የጌም ማሽን ገዝተው አመጡ። ቁም ሣጥን የሚያክሉ፣ ፊታቸው ቆመው የሚጫወቱባቸው። ስክሪናቸው ይሠራል። ጎናቸው ላይ ያለውን ሥዕል ግን ፀሐይ በልቶታል፤ ሰው ይሁን ዘንዶ አይለይም።

እኔ የጋሪና የባጃጅ ሠዓሊ ነኝ። አንዱን ሣዪ፣ ካማረ የቀሩት ሁለቱም ያንቺ ሥራ፣ ካላማረ ስቲከር አሳትማለሁ አሉኝ። ስቲከር! ባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ የሱቅ ስም በእጅ የሚያስጽፍ ጠፋ። ማተሚያ ቤቱ ራሱ መጥተሽ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጪ ብሎኛል። መልስ እስከ ሳምንት ረቡዕ። ደመወዝ አለው፣ ብሩሽ የለውም። ሆዴ አልቆረጠም።

ረቡዕ፣ ጥ. 12

ለካ የድሮዎቹ ሠዓሊዎች በብሩሽ አልነበረም የሠሩት! ቅርጹን ቆርጠው፣ ለጥፈው፣ ቀለም ነፍተውበታል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቅርጽ። ቀዩ ከቢጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የፀጉር ያህል ክፍተት አለ፤ ቅርጹ ሸርተት ብሎባቸው ነው። ሦስት ቀለም ብቻ። ጥላ የለ፣ ማለስለስ የለ። ሥዕሉ ደግሞ ወደ ስክሪኑ ያዘነብላል፣ መንገደኛውን ጎትቶ እንዲያስገባ። ባጃጅም እኮ እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ ካልጠራ አልተሣለም። ብቻዬን ሳቅሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ባልደረቦቼ ሆኑ።

ማታ። ሐጂ ገሰራ ከተማ ሆነው ደወሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ምን ልሣልልዎት አልኳቸው። የባሌን ነገር፣ ሰነቴ አምባ ላይ የሚወጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀውን፣ «ጄዳላ ፈርዳ» ሣዪልኝ አሉ። ጄዳላ ቀበሮ፣ ፈርዳ ፈረስ። ቀበሮና ፈረስ! ኦሮምኛሽ የገበያ ነው የሚሉኝ የት አሉ?

ዓርብ፣ ጥ. 14

ያረጀ የራጅ ፊልም ቆርጬ ቅርጽ አወጣሁ። ፈረሱ ጥቁር፣ ኮርቻው ቢጫ፣ ዘርፉ ቀይ። ቀበሮውን ከጎኑ ባቆመው ነገሩ ደረቀብኝ። አንስቼ ኮርቻው ላይ አስቀመጥኩት። ልጓሙን ጨብጦ፣ ጭራው ወደ ኋላ እየበረረ፣ ወደ ስክሪኑ ሊገባ። በጆይስቲኩና በቁልፎቹ ዙሪያ የሰኮና ዱካ። ከላይ መብራት የሚበራበት መስታወት ላይ ስሙ በቢጫ። መብራቱን ሳበራው ጮህኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥ. 17

ዘይነባ መጣች፣ ከጎኔ ያለችው ልብስ ሰፊ። አየችው። ምን እንደታዘዝኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። «ያ ረቢ! ሰብልዬ፣ ጄዳላ ፈርዳ ማለት እኮ ቀይ ቀበሮ ነው! ስሙ ነው! ፈረሱን ከየት አመጣሽው?»

ፈረስ ያዘዘ የለም። ጎባ ተወልጄ፣ ሮቤ ሠርቼ፣ ይህን አለማወቅ! አፈርኩ። ሐጂ ነገ ይመጣሉ። ፈረሱን ላጥፋ ብዬ ነጭ ቀለም ከፈትኩ። ግን ቀበሮው አየር ላይ ሊቀመጥ ነው። ከደንኩት። ስቲከሩ መጣ በቃ፣ እኔም ወደ ኮምፒውተሬ።

ማክሰኞ፣ ጥ. 18

መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ዞሩት። ፈረሱ ምንድን ነው አሉ። እውነቱን ተናገርኩ፣ በስልክ የሰማሁትንም፣ የተረዳሁትንም። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው።

«ወላሂ፣ ይህ አውሬ ስሙን ያገኘው ባዝራ ልትወልድ ስትል እየተከተለ ነው። ስንት ዘመን በእግሩ ተከተለ! አንድ ቀን ይቀመጥበት እንጂ!»

ከዚያ በር ላይ ወጥተው የባጃጅ ሹፌሮቹን ጠሩ። ፎቶ ያነሳው ብዛቱ! አንዱ ሹፌር ይህንኑ ባጃጄ ላይ አለኝ። ሐጂ ተቆጡት፣ የእኔ ነው ብለው። የቀሩት ሁለቱም ማሽኖች ያንቺ ሥራ አሉኝ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ፣ ዘይነባን አቅፌ አዞርኳት።

ረቡዕ፣ ጥ. 19። ጠዋት

ማተሚያ ቤቱ ሳይደውል ቀድሜ ደወልኩ። አልመጣም አልኳቸው። አስቢበት እንጂ አሉኝ። አስቤበታለሁ አልኩ። ትንሽ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ከዓርብ ጀምሮ በደስታ ነው የምነቃው።

ሁለተኛው ማሽን ፊቴ ቆሟል። ሐጂ ለዚህኛው ሶፍ ዑመርን ይፈልጋሉ፣ «ሆልቃ»ውን ከነወንዙ። ሦስት ቀለም፤ አንዱ ጥቁር። ፊልሙን ዘርግቻለሁ፣ መቀሱን ይዣለሁ። ሆልቃ ዋሻ ነው። ዋሻ ነው፣ አይደል? ቆይ፣ ዘይነባን መጀመሪያ ልጠይቃት።