የከንቲባው ሪባን

የእህቴ ልጅ፣ ቀበጧ፣

ስለ አካል ጉዳተኞች መብት እንድናገር የተጋበዝኩበት አዳራሽ፣ ከደረጃው ጎን አዲስ የዊልቸር መወጣጫ ተሠርቶለታል። በዊልቸሬ ስደርስ ግን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሪባን ተወጥሮበታል።

«ከንቲባው ሳይመርቁት ማንም አይወጣበትም፣ አባባ» አለኝ ጥበቃው።

«ከንቲባው የት ናቸው?»

«ውስጥ። እርስዎን እየጠበቁ ነው።»

«በምን ገቡ?»

«በደረጃው ነዋ።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ጥበቃው አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ልዘልዎት» አለ። ፖሊዮ በልጅነቴ እግሬን ካሰለለው በኋላ፣ የትምህርት ቤታችንን ደረጃ ስንት ዓመት አዝላኝ የወጣችው እናትሽ ናት። አሁን ደግሞ መወጣጫው ፊት ሆኜ ብታዘል ጉድ አይደል? የጢሜን መቀስ ከኪሴ አወጣሁና ሪባኑን ቆረጥኩት።

ለካ በሩ ላይ ለምረቃው የቆሙት ሙዚቀኞች ሪባኑ ሲቆረጥ እንዲጀምሩ ታዘው ኖሯል፤ ጥሩምባቸውን ለቀቁት። ከንቲባው በሩጫ ሲወጡ እኔ በጭብጨባ ታጅቤ በሩ ላይ ደርሻለሁ።

«ሪባኑን የምቆርጠው እኮ እኔ ነበርኩ» አሉኝ እያለከለኩ።

«እርስዎ የሚወጡት በደረጃው አይደል? እዚያ ላይ ሌላ ያስሩልዎታል» አልኳቸው።

አንቺ የምታስተምሪበት ያ ትምህርት ቤታችን ግን ደረጃው ዛሬም እንደዚያው ነው። የሪባኑን ቁራጭ አያይዤልሻለሁ፤ ለርዕሰ መምህራችሁ ስጪና «ሪባኑ ተገኝቷል፣ የቀረው መወጣጫው ነው» በያቸው። የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጀርባዋ ላይ ሳሚልኝ።

አጎትሽ