ዱልዱሙ ሳንጃ

ጥር 4

የፈተና እርማት። ከመቶ አርባ ሁለት ወረቀት ሰማንያ ስድስቱ ይቀራል። አንዱ የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ዐፄ ቴዎድሮስን ከጣሊያን ጋር አዋግቶ ገደላቸው… ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት። ወረቀቱን ባዶ አለመተዉም አንድ ነገር ነው።

የጉልበቴ ሕመም ዛሬም አልተወኝም። ባለቤቴ ይታየሽ ቤት ስትጠርግ ከአልጋው ሥር ያለው ሳጥን መጥረጊያዋን ያዘባት። «ሃያ ሁለት ስለት ሰብስበህ አንዱ እንኳ ጎመን አይቆርጥ» አለች። ቆጥራቸዋለች ማለት ነው። ሰባት የጣሊያን ሳንጃ፣ ሦስት የጥቁር ሸሚዞቹ የፋሺስት ሚሊሻዎች አጭር ጩቤ፣ አንድ የእንግሊዝ፣ ቀሪው የክላሽ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የለቀምኳቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ሰው ስለ ስለት መስማት አይፈልግም፣ አልፈርድበትም። እኔም አንዳንዴ ለምን እንደምሰበስብ ይጠፋኛል።

ከዝቋላ ወረዳ የመጣ አስተማሪ ነገረኝ… አንዲት ወይዘሮ ቤት፣ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ የጣሊያን ሳንጃ አለ። የካቲት 12 ለምናዘጋጀው ኤግዚቢሽን ቢደርስ። በዕረፍቱ ልሂድ? በዚህ ጉልበት?

ጥር 16

ሄድኩ። መኪናው እስከሚሄድበት ወሰደኝ፣ ከዚያ አራት ሰዓት በእግር። የማሽላው አገዳ ክንድ ሳያህል ደርቆ ቆሟል። ዘንድሮም።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሰባ ሳይሞላቸው አይቀርም። ከአንድ ልጃቸው ከምስጋናው ጋር ይኖራሉ፣ ፍየል አላቸው። ግማሽ ጣሳ ውኃ ሰጡኝ። ወንዙ ሩቅ ስለሆነ ግማሹም ብዙ ነው። ሳንጃው እውነትም ምሰሶው ላይ ነው፣ የገባ ሁሉ የሚያየው ቦታ። አባታቸው በአርበኝነት ጊዜ ከጣሊያን ወታደር ማርከው ያመጡት። የት እንደማረኩ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ያኔ ስንት ዓመታቸው እንደነበረ ጠየቅኩ። ሳይሰለቹ መለሱልኝ። ቅጼን ሞላሁ።

ብረቱ ግን ያሳዝናል። ስለቱ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል፣ ጫፉ እንደ አውራ ጣት ክብ ሆኗል። ቅጹ ላይ «ሁኔታ» ከሚለው ፊት «በአያያዝ ጉድለት የተበላሸ» ብዬ ጻፍኩ።

የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ከነማኅተሙ ገልበጥ አድርገው አዩና ሳንጃውን በሁለት እጃቸው አወረዱልኝ። ከየካቲት 12 በኋላ ልመልስ ቃል ገባሁ። «እንዳለ ወስደህ እንዳለ መልሰው፣ መምህር» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ዕቃ ሲያውስ እንዲህ የማይል ማን አለ?

ጥር 17

ተኝቼ ዋልኩ። እግሬ የኔ አይመስልም።

ጥር 23

እጀታውን በዘይት ስጠርግ ቁጥር ወጣ። ብረቱ ላይ ደግሞ ደብዛዛ ፊደል… ደጅ ወጥቼ፣ ፀሐይ ላይ፣ በማጉያ መነጽር። ቴርኒ ይላል። የጣሊያን መሣሪያ ፋብሪካ የነበረበት ከተማ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ። ይታየሽን ጠርቼ አሳየኋት። «እሰይ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ፎቶውን ምስክር ለሚባለው ወዳጄ ላክሁለት። አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ሠላሳ ዓመት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የሠራ ጡረተኛ። በቴሌግራም እንጂ በአካል አንተዋወቅም። ባለፈው ዓመት አንዱን ጩቤ በፎቶ ብቻ አይቶ፣ ከረጅም ሳንጃ ተቆርጦ የተሠራ መሆኑን የለየልኝ እሱ ነው።

መልሱ ቶሎ መጣ። «እንዳትነካው። ዝገቱንም ቢሆን። ደግሞ ስለት በአገልግሎት እንዲህ አያልቅም፣ ሆን ተብሎ ነው። ሰዎቹን ጠይቅ።»

ጠይቅ ይለኛል… እንደገና አራት ሰዓት በእግር? እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው።

ጥር 30

ሳንጃውን በያጁ ምሳው ጋ ወሰድኩት። ግራይንደሩን፣ የብረት መሞረጃውን፣ አስነሳ፣ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ጫፉንም አሾለልኝ። ወረቀት ሰነጠቀ። ምሳው ራሱ «ይኸ እኮ አዲስ ሆነ» አለ።

ዱልዱም ብረት ተማሪ ፊት አስቀምጬ የአርበኛ ምርኮ ነው ልል ነው እንዴ? ያፍሩብኛል። ሴትየዋም ሲመለስላቸው ደስ ይላቸዋል።

ለምስክር አልነገርኩትም።

የካቲት 12

ደክሞኛል፣ ግን ልጻፈው።

ሰው ጥሩ መጣ። ሳንጃውን መሐል ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኩት። አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጋቢ የለበሱ፣ ቀጭን፣ አንድ ዓይናቸው የተሸፈነ። ሌላውን ሁሉ አልፈው መጡና እሱ ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ አነሡት። አትንኩ የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ ቢሆንም ለሽማግሌ እንዴት ይባላል?… አውራ ጣታቸውን ከእጀታው በኩል አሳርፈው እስከ ጫፉ ሳቡት። ሳያመነቱ፣ ጨርቅ እንደሚዳብስ ሰው።

ደሙ ጨርቁ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

እኔም ጅሉ «አባቴ፣ ስለት በጣት አይሞከርም» አልኳቸው። ተማሪዎቹ እየሰሙ።

ጣታቸውን አላዩትም። «ማነው የሳለው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።» ኩራትም ነበረበት፣ አልዋሽም።

መልሰው አስቀመጡት። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ። የጎብኚ መዝገቡን አየሁት፣ ሲገቡ ተማሪ አጽፏቸዋል። አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ከዝቋላ፣ ለዓይን ሕክምና የመጡ።

ምን አስቀይሜያቸው ይሆን?

የካቲት 13

ይታየሽ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጠበችው። አልለቀቀም።

የካቲት 19

ሳንጃውን ቅዳሜ እመልሳለሁ እያልኩ ነበር። አልጠበቁኝም። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ራሳቸው መጡ። አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዘበኛው ጠራኝ፣ ከበሩ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ እግራቸው አቧራ ለብሷል። ሰላምታዬን በግማሹ ተቀበሉ።

«ለምን ሳልከው?»

«እንዲያምር ነው፣ እሜቴ።»

«ለማን?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ ነገሩኝ። አባታቸው በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በእርሻ ድንበር ጠብ፣ በዚያው ሳንጃ ሰው ገደሉ። የሞተው የወልደ ሐዋርያት ታላቅ ወንድም ነው። አምስት ዓመት ሁለቱ ቤት ሲፈላለግ ኖረ። በኋላ ሽማግሌ ገባና አስታረቀ። በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ሳንጃውን እየተቀባበሉ ፈተጉት፣ አንዴ የገዳይ ወገን፣ አንዴ የሟች ወገን፣ ስለቱ እስኪጠፋ። ይህ ብረት እስካልቆረጠ ድረስ ደም ላይጠየቅ ተማማሉ። ምሰሶ ላይ የተሰቀለውም ለዚያ ነው። ወልደ ሐዋርያት በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ይመጣሉ፣ አውራ ጣታቸውን በብረቱ ላይ ያሳልፋሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው እዚያው ቤት ይበላሉ። አርባ ዓመት አልፎታል።

እኔ ስለ ጣሊያኑ ጠይቄ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ አላልኩም። በአያያዝ ጉድለት የተበላሸ… አፈርኩ። መሬቱን አየሁ።

አሁን የወልደ ሐዋርያት ታላቅ ልጅ ገብረ ሊባኖስ ወደ ወንዙ የሚያሳልፈውን መንገድ ዘግቷል። ለማን ነው የተሳለው እያለ ይጠይቃል። የወይዘሮ አመተ ሥላሴ ፍየሎች ውኃ ካዩ ሦስት ቀናቸው። ምስጋናው በራፉን አያልፍም፣ እናቱ ከልክለውታል።

«አንድ ነው ያለኝ» አሉ።

አሁኑኑ ምሳው ጋ ወስጄ ስለቱን ላስጠፋ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነሱ ሳያዩ ቢጠፋ ማን ያምነናል?»

የካቲት 22

ዝቋላ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሁለቱ ቤት ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከነሳንጃዬ መሐል። በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ነው የሚነጋገሩት፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ወደ አማርኛ እየመለሱ ይነግሩኛል። ይቅርታ ጠየቅኩ።

ገብረ ሊባኖስ አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ከሳንጃው ላይ ዓይኑን አላነሣም። ምስጋናውን አንድ ጊዜ አየው። ፈራሁ።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ጣታቸው እንደታሰረ ነው። ለእኔ በአማርኛ ተናገሩ። «ሁለት ቤት ነበርን። የሳልከው ከማናችን ወግነህ ነው?»

«ከማንም አይደለም፣ አባቴ። ሳላውቅ ነው።»

«እንግዲያ ሦስት ቤት ሆነናል» አሉ።

የሁለቱ ቤት ፍርድ ይኸው ነው። ስለቱን እኔው ላጥፋ፣ እንደ እነሱ ልማል፣ በየዓመቱ ልገኝ።

የካቲት 23

በዚያው በሩ ላይ ባለው ድንጋይ ፈተግኩ። ከጧት እስከ ማታ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ ፈነዳ። ምስጋናው ሊያግዘኝ ብድግ ሲል እናቱ አዩት፣ ተቀመጠ። ከወዲያ ገብረ ሊባኖስ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያየኛል። የምሳው ዐሥር ደቂቃ… ገና ግማሹ ነው።

እስክርቢቶውን በሁለት ጣት ነው የያዝኩት።

የካቲት 24

ስድስት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ቴርኒ የሚለው ፊደልም አብሮ ሄደ። ባለፈው ወር ቢሆን አብድ ነበር።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ጣታቸውን ፈቱ። ቁስሉ ገና አልጠገገም። በሌላኛው እጃቸው ይሞክሩታል ብዬ ነበር። በዚያው ጣት አሳለፉት፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ፣ ቀስ ብለው። ጣታቸውን ወደ ደህናው ዓይናቸው አቀረቡት።

ለልጃቸው በኽምጣና አንድ ነገር ተናገሩ። ገብረ ሊባኖስ ቶሎ አልተነሣም። በመጨረሻ ተነሣና ወደ መንገዱ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ የምስጋናው ፍየሎች ወደ ወንዙ ሲወርዱ ጩኸታቸው ተሰማ።

ማልኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ከድካም ይሁን ከሌላ አላውቅም።

መጋቢት 5

ለምስክር ሁሉንም ጻፍኩለት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «እጅህ ዳነ?» ብቻ አለኝ።

ቅጹን ቀደድኩት። አዲስ አዘጋጀሁ፣ ከታች አንድ መስመር ጨምሬ። «ከዚያ ወዲህስ?» ይላል። ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ከፈትኩት። ሃያ ሁለት አሉ። የአንዱንም አልጠየቅኩም። ሁሉንም እንደገና ልዞር ነው? ይታየሽ ጉልበቴን አየች።

ሰኔ 9

ምስጋናው ደወለ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ዐርፈዋል።

ኅዳር ላይ ማን ይመጣል?

ኅዳር 12

ትናንት ዝቋላ ገብቼ አደርኩ። ሳጥኑ ውስጥ አሁን ዐሥራ ሰባት ነው ያለው። አምስቱን ለባለቤቶቻቸው መልሻለሁ፣ ሲጠየቁ «እኛ ቤት ይቀመጥ» ላሉት። ጉልበቴ ብሷል።

ከቅዳሴ በኋላ እነምስጋናው ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሳንጃው ምሰሶው ላይ፣ ምግቡ ተከድኖ። ከወልደ ሐዋርያት ቤት የመጣ የለም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ምግቡን አልከፈቱም። ምስጋናው ወደ በሩ ላለማየት ይታገላል። የማለው አባትየው ነው፣ ልጁን ምን ይይዘዋል? እኔ ባልስለው ኖሮ ይህን ሁሉ ማን ያስብ ነበር?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገብረ ሊባኖስ መጣ። ብቻውን። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባ። ማንንም ሰላም አላለም። ሳንጃውን ራሱ አወረደና ወደ እኔ ዘረጋው።

«አንተ ቅደም» አለ።

አውራ ጣቴን አሳለፍኩ። ቀዝቃዛ ብረት፣ ሌላ ምንም።

ከዚያ እሱ። አባቱ ያደርጉት እንደነበረው፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ። ጣቱን ገልብጦ አየው። ብዙ አየው… ሳንጃውን ምሰሶው ላይ መልሶ ሰቀለ።

ተቀመጠና ሁለት እጁን ዘረጋ። ምስጋናው ጆጉን አንሥቶ ውኃ አፈሰሰለት። ታጠበ።