ጳጉሜ የሌለበት ሐይቅ

ነሐሴ 28፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ያው ነው፣ ደብተሬ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ጣና ከዓመት ዓመት ቀደም እያለ ይሞላል። በመስኮቴ የማየው ጣና ግን እንደ ወትሮው መስከረምን ይጠብቃል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።

የሐይቁን ሙላት የሚያሰሉት ፕሮግራሞች ከውጭ አገር በዲስክ የመጡ ናቸው። በነጻ። ማንም ከፍቶ ያንብብ፣ ያሻሽል ተብለው የተለቀቁ። ጸሐፊዎቹ በየመስመሩ ዳር ማብራሪያ ትተዋል። «እዚህ ላይ ተጠንቀቅ።» «ይህን ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው።» ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ ይኸው ብቻ።

ነሐሴ 30

ስብሰባ። የውሃ ጥናት ክፍላችን ኃላፊ ጓድ ታደሰ ስህተቱ የፈረንጆቹ ነው አሉ። «ኢምፔሪያሊስት ደግሞ መቼ ነው በነጻ የሰጠው?» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ አዲስ ዓመት ካልተስተካከለ ዲስኮቹ መጋዘን ይገባሉ። ከዚያ ማን ያናግረኛል?

ጳጉሜ 1

ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበብሁ። ስህተት የለም። ፈራሁ።

ጳጉሜ 3፣ ጠዋት

ሩፋኤል። ዝናብ። የግቢው ልጆች ራቁታቸውን ይዘላሉ። አከራዬ እትዬ ጥሩ በሬን ደበደቡ። «አንተ ከማሽን ጋር የቆረብህ! ውጣና ተጠመቅ! ጳጉሜ በዓመት አንዴ ናት!»

ወጣሁ። ሸሚዜ ራሰ። እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

የሐይቁን ከፍታ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚያስገባውን አጭር ፕሮግራም የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ቀን። ለጳጉሜ ቦታ አልሠራሁላትም! የፈረንጆቹ ስሌት ሙሉ ዓመት ይጠብቃል፣ እኔ ጎዶሎ እሰጠዋለሁ። ጉድለቱ እየተጠራቀመ ሐይቁን አስቸኮለው።

ጳጉሜ 4

አስተካከልሁ። ጣና መስከረም ላይ ሞላ። ለጓድ ታደሰ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኋቸው። ዲስኮቹ ይቆዩ አሉ።

ጳጉሜን የሚቀበለውን ክፍል ለፕሮግራሙ ጸሐፊዎች ልላክ ስል ግን የጓድ ታደሰ ፊት ተለወጠ። የጸሐፊዎቹ ደንብ ነው አልሁ፤ የጨመረ ይመልሳል፣ ስሙንም ይጽፋል። በሩን ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ታላቅ ወንድም፦ «ፖስታው እንደሚከፈት ታውቃለህ። ስምህ ከነሱ ስም ጋር ምን ይሠራል?»



ጳጉሜ 5

የጸሐፊዎቹን ስም ደግሜ አነበብሁ። አንዳቸውንም አላውቅም። ከስማቸው ሥር ባዶ መስመር አለ።

ማብራሪያዬን ጻፍሁ። አሥራ ሦስተኛ ወር አለን። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። በዝናቧ እንጠመቃለን። የመጨረሻውን ለስሌቱ አይጠቅምም ብዬ ሰረዝሁት። መልሼ ጻፍሁት።

ከሥሩ ስሜን። ከነአባቴ።

ከበዓሉ ማግስት ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።