ለጓርኒሲዮን መንገድ አንድ ጠመንጃ

ለተከበሩ አቶ ራንዶል ስትሪክላንድ
የታሎሲ አውራጃ የመንገድ ስያሜና የቤት ቁጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

እጅግ የማከብርዎ ጌታዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና እንደ ልቡ ለሚጽፈው ኮምፒውተርዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አሳማዎቹ ግን ከእኔ ይልቅ ደህና ናቸው፤ የእነርሱን ነገር ዝቅ ብዬ አነሣዋለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምንዎታለሁ፤ በፖስታ የላክኋቸው ሦስቱ «እንዲህ የሚባል መንገድ በመዝገባችን የለም» ተብለው ስለተመለሱልኝ ነው።

ስሜ ቨርኔል ጋስኪንስ ይባላል። የስልሳ አራት ዓመት ኦቾሎኒ ገበሬ ነኝ፤ ባሌ ክሊዮፈስ በጥር ወር አርፏል። የምኖርበትን መንገድ የባሌ አያት በአንዲት በቅሎ ጠርጎ ካወጣው ጀምሮ ሰው ሁሉ ጋስኪንስ መንገድ ሲለው ኖሯል። ባለፈው መከር ጽሕፈት ቤትዎ አምቡላንስ እንዳይጠፋበት አስቦ በየመታጠፊያው አዲስ ታፔላ ሲተክል፣ ለእኛ የደረሰን «ጋስኬት መንገድ» የሚል ሆነ። ምናልባት መኪናዎን የሚያሠራልዎ ሌላ ሰው ከሆነ ላስረዳዎት፤ ጋስኬት የሞተር ጓርኒሲዮን ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ያወጣው መልአክ ግን ከጋራዥ የመጣ መሆን አለበት። እኔም በእልህ መንጃ ፈቃዴን አልቀይርም አልኩ። ከዚያ በኋላ ለተደረጉልኝ ውለታዎች እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዘሩ። በሚያዝያ መጨረሻ ባሌ በጆንያ ያስቀመጠውን ዘር ዘራሁ። ከአያቱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ የትም መደብር የማይሸጥ፣ ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ቀይ የሆነ ዘር ነው። ለመጠባበቂያ እንኳ ጭብጥ አላስቀረሁም፤ ሰው በሐዘን ላይ ሲሆን እንዲህ ያለ ሞኝነት ይሠራል። በሁለተኛው ሳምንት የዱር አሳማዎቹ መጡ። አሳማ የተዘራ ኦቾሎኒ ሲበላ አይተው የማያውቁ ከሆነ፣ ከቢሮዎ የተሻለ የአሠራር ሥርዓት አለው፤ ከመስመሩ ጫፍ ይጀምርና አፍንጫውን ከአፈር ሳያነሣ ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅሞ ሲጨርስ ዞሮ ቀጣዩን መስመር ይይዛል። ሃያ ሦስት ናቸው። የባሌ አሮጌ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንዲት ጥይት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ጥዬ ሌላ እስካጎርስ ሃያ ሁለቱ ጫካ ገብተዋል። በማግስቱ ደግሞ ያለ ሟቹ ይመጣሉ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጠመንጃው። ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ በሕይወቴ ኖሮኝ አያውቅም፤ የተሠራውን ለመግዛትም አቅሜ አልፈቀደም። የባሌ ታናሽ ወንድም ኤልቪን ግን መላ አላጣም። «እትዬ፣ ሙሉውን ምን አስገዛሽ? ቁራጭ በቁራጭ ሰብስቢው እንጂ። ዛሬ አፈሙዙን፣ በሚመጣው ወር ሰደፉን። ሕጉ እንደሆነ ክፍልፋዩን ከቁብ አይቆጥረውም» አለኝ። እውነቱን ነው። አፈሙዙም፣ ሰደፉም፣ ምላጩም እንደ ሸሚዝ በፖስታ እቤቴ ድረስ መጡልኝ፤ ፖስተኛው የጓርኒሲዮንን ታፔላ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ጨዋ ሰው ነው። በሕግ ፊት ጠመንጃ ተብላ የምትጠራው ታችኛው ቀፎ የሚሏት መዳፍ የምታህል ቁጥር የተቀረጸባት አሉሚኒየም ብቻ ናት። አትተኩስም፣ ቢወረውሯት ዶሮ አታባርርም፤ ግን ጠመንጃው እርሷ ናት። እርሷን ለመውሰድ ደግሞ ፈቃድ ባለው ሱቅ ቅጽ መሙላትና መጣራት ግድ ነው። ስለዚህ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሁሉ ነገሩ የተሟላ፣ በሕግ ግን ምንም ያልሆነ ነገር ተጋድሞ፣ እኔ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ስበላ ከረምኩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቅጹ። ባለሱቁ ሆይት ፓርዱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ፣ ቢሮዎ ያሰራጨውን የመንገዶች ዝርዝር አይቶ፣ መልሶ መንጃ ፈቃዴን አየና «ቨርኔል፣ እኔ አውቅሻለሁ፤ ወረቀቱ ግን አያውቅሽም። መታወቂያሽ ላይ ያለው መንገድ የለም፤ ያለው መንገድ ደግሞ መታወቂያሽ ላይ የለም» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በእንግሊዝኛችን አውራጃ «ካውንቲ»፣ አገር ደግሞ «ካንትሪ» ሆነው የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ስለሆነ፣ አምና አንድ ደንበኛ ቅጹ አውራጃህን ሲለው «አሜሪካ» ብሎ ጽፎ፣ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሆይትን እንደ ሕፃን ልጅ ገሥጸውታል። ከዚያ ወዲህ ፊደል ሲያይ ያልበዋል።

ይህን ስጽፍ አራተኛ ጊዜ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም፤ እግሬ ስለለመደ ነው።

አራተኛ፤ ስለ እርማቱ። ስሙ እንዲታረም ላቀረብኩት ማመልከቻ ጽሕፈት ቤትዎ በትሕትና ሲመልስልኝ፣ የስም ለውጥ ለመጠየቅ ቢያንስ የሁለት ነዋሪ አባወራዎች ፊርማ እንደሚያስፈልግ ገለጸልኝ። በመንገዱ ላይ ያለው ቤት አንድ ነው፤ የቤቱ ሁለተኛ ፈራሚ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ተኝቷል። ቢሆንም ማመልከቻውን ደጋግሜ ላክሁ። በየቀኑ ከማሳው ሁለት ሦስት መስመር ሲሄድ እያየሁ፣ የሌሊት እንቅልፍም ሆነ የቀን ሥራ ጠፍቶብኝ፣ የድስት ክዳን እያጋጨሁና የትራክተሩን ጥሩምባ እየነፋሁ ከአጥር አጥር ስሮጥ ሰነበትኩ። በመጨረሻ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ሄጄ መንጃ ፈቃዴን ወደ ጋስኬት መንገድ አስቀየርኩ። ክሊዮፈስ ቢኖር ሳምንት አያናግረኝም ነበር።

አዲሱ መታወቂያ በእጄ የገባ ዕለት ወደ ሆይት ሱቅ ስወጣ፣ መታጠፊያው ላይ ሁለት የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች መሰላል አቁመው አገኘኋቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ስምዎ ተመለሰ» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ታፔላው ጋስኪንስ መንገድ ይላል፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችውም። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። እንደዚያም ሆኖ ሄድኩ። ሆይት መታወቂያውን አየ፣ ጠዋት የደረሰውን አዲስ ዝርዝር አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። «ቨርኔል፣ አንቺ ሴትዮ ከመንግሥት ጋር ድብብቆሽ ትጫወቻለሽ እንዴ?» አለኝ። ሌላ መንጃ ፈቃድ እስኪመጣ ሌላ አራት ሳምንት ሄደ።

አምስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሁሉም ወረቀት ከሁሉም ወረቀት ጋር ተስማማ። ማጣራቱ ሆይት ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው ሳያዛውር አለቀ። ታችኛዋን ቀፎ ይዤ ገባሁ፣ ኤልቪን መጥቶ ገጣጠምናት፣ የአጥሩ እንጨት ላይ ባስቀመጥናቸው ቆርቆሮዎች ላይ ሞከርኳት። እንዴት ያለች መሣሪያ መሰለችዎ፤ አንዱን ስትጥል ሌላውን ራሷ አጉርሳ ትጠብቃለች። ከቀትር ጀምሮ ትራክተሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። አንድም አሳማ አልመጣም። በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም አልመጣም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ወርጄ መስመሮቹን በእጄ ከዳር እስከ ዳር ማስኳቸው፤ ለዘር የምትሆን አንዲት ፍሬ አላገኘሁም። የሰው ልጅ ትምህርት ጨርሶ ሹመት ካገኘ በኋላ ፊደል ቢሳሳት ምንም አይደለም ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ባሌን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩ ያህል ሆኖብኛል፤ በዚህኛው ቀብር ደግሞ እርስዎ አልተገኙም።

ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በታረመ ስም፣ በታረመ መንገድ ዳር፣ በሚገባ ታጥቄ፣ የሚጠበቅ ነገር የሌለበት ማሳ እየጠበቅሁ ለእርስዎ ረጅም የሥራ ዘመንና መልካም የፊደል ቆጠራ የምመኝ፣

ወይዘሮ ቨርኔል ጋስኪንስ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ዛሬ ጠዋት የአሳማዎቹን ኮቴ ተከትዬ ወንዙን ተሻገርኩ። ኮቴው ቀጥ ብሎ የሚያመራው እናትዎ በቆሎና ሐብሐብ ወደ ተከሉበት ጓሮ ነው። ጠመንጃዬን ይዤ ብደርስላቸው ደስታዬ ነበር፤ ነገር ግን የእናትዎን መንገድ በዝርዝርዎ ላይ ብፈልገው አላገኘሁትም፤ ደፍሬ ወደሌለ አድራሻ መሄድ ደግሞ ሕግ መጣስ ይሆንብኛል። ማመልከቻውን እናትዎ ያቅርቡ፤ ሁለተኛ ፈራሚ ግን እንዳይረሱ።