ሳይሰነብት የሚመለስ ሰው

ለዓይኔ ብርሃን ለኦሽራት፣

የእስራኤል አምላክ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ እዚህ ኢየሩሳሌም፣ በቂርያት ሃዮቨል ሰፈራችን ደህና ነን። ወንድምሽ ማኦርም ሥራ ይዟል።

ከካናዳ ድረስ በርረሽ፣ ሰንበትን ብቻ ውለሽ ልትመለሺ መሆኑን ከነገርሽኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። «ከሥራ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አልሽኝ። በእኛ ዘንድ ግን ያን ያህል መንገድ መጥቶ ሳይሰነብት የሚመለስ ለቅሶ ደራሽ ነው። እዚሁ ከተማ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና የምሠራላቸው አሮጊት «የዛሬ ወጣት እንዲህ ነው» ቢሉኝም ልቤ አልረጋም። የሞተ ሰው ደብቀውኝ ይሆን ብዬ አጎትሽ አጥናፉ ጋ ደወልኩ፤ ራሱ አነሳው። አክስትሽን ልቅናሽን ማሃኔ ይሁዳ ገበያ አገኘኋት፤ በርበሬ ትመርጣለች። ሁሉም ደህና ናቸው።

እንግዲህ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ስልክ ላይ ድምፅሽም ሰልሎብኛል። ታመሽ ልትሰናበቺኝ ከሆነ የምትመጪው አሁኑኑ ንገሪኝ፤ በር ላይ መርዶ አልችልም።

ከዕድሜዬ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ፤ በሰላም ያግባሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለሽ አትምጪ። በሩን ስከፍት ትልቅ ሻንጣ ልይ። ባዶም ቢሆን ግድ የለኝም።

እናትሽ ደስታነሽ